ድምፅ የሌለው ከንፈር

ራስማ ክሩክሌ ባሏን በቀበረችበት ቀን ቄሱን አቋርጣ ተናግራለች። ቄሱ፣ ሟቹ ኤድቪንስ ክፉ ቃል ከአፉ ያልወጣ፣ መጠጥ ያልቀመሰ ሰው እንደ ነበር ሲተርክ፣ ከሣጥኑ አጠገብ የቆመችው ሚስቱ ቀና ብላ፣ «ይጠጣ ነበር፤ ሲጠጣም ይሳደብ ነበር። ግን አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም። ይኼን ይበሉለት፤ ይበቃዋል» አለችው። ይህ ነገር በካርክሌኔ ከተማችን እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ይወራል። ለእኔ ግን ቀልዱ ታይቶኝ አያውቅም። በመቃብር አፋፍ ላይ የሚነገር ውሸት ከውሸት ሁሉ የከፋ ነው፤ የተዋሸበት ሰው ተነሥቶ «አይደለም» ሊል አይችልምና። በዚያ ቀን ጉድጓዱን ከብበው ከቆሙት ሁሉ ሟቹን ያከበረችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ራስማ ዕድሜዋን በማሞቂያ ጣቢያው እሳት በማንደድ ነው የጨረሰችው። ክረምት በገባ ቁጥር ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የባህል ቤቱም የሚሞቁት እርሷ ወደ ምድጃው በምትወረውረው የእንጨት ፍልጥ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ድንች ትተክላለች፤ አየርላንድ ከምትሠራው ልጇ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ወደ ባህል ቤቱ ወጥታ ትዘምራለች። ከሴቶቹ ድምፆች የታችኛው፣ አልቶ የሚሉት፣ የእርሷ ስፍራ ነበር። ወንዶቹ በሳሱ ጊዜም ወደ እነርሱ ወርዳ ትደግፋቸው ነበር። ድምፅዋ ወፍራምና የማይናወጥ ነበር፤ ውብ ነበር ግን አልልም። የቤትን መሠረት ውብ ነው የሚል ሰው አላየሁም፤ ቤቱ ግን በእርሱ ላይ ይቆማል።

በእኛ አገር ኅብረ ዝማሬ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አይደለም። በየአምስት ዓመቱ በዋና ከተማችን በሪጋ፣ ከጥድ ጫካው መካከል ባለው ታላቅ መድረክ ላይ አገሩ ሁሉ ተሰልፎ ይዘምራል። እዚያ ለመቆም እያንዳንዱ ቡድን ቀደም ብሎ በዳኞች ፊት የታዘዙትን ዝማሬዎች ዘምሮ ማጣሪያውን ማለፍ አለበት። ከማጣሪያው የወደቀ ከተማ እስከሚቀጥለው በዓል አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። የጎረቤት ከተማ ሰው ሲያገኝህ መጀመሪያ የሚያነሣብህ ነገር ያ ነው፤ ሠርግም ላይ፣ ገበያም ላይ፣ ሐኪም ቤት ወረፋም ላይ።

የካርክሌኔ መዘምራን እየተመናመኑ የመጡ ነበሩ። ወጣቶቹ ወደ ሪጋና ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። የቀሩት አዛውንቶችና ልጆቻቸውን ያስተኙ እናቶች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም ደንቡ ከሚጠይቀው ትንሹ ቁጥር ጋር ልክ በልክ ነበር። አንድ ሰው ቢጎድል ቡድኑ ከማጣሪያው በር ይመለሳል። መሪያቸው አግሪስ የሚባል፣ በሪጋ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። ሥራውን ያውቃል፤ ጆሮውም የተሳለ ነው። ለአዛውንቶቹ በር ይከፍታል፣ ካፖርታቸውን ይቀበላል፣ ሁሉንም በማዕረግ ይጠራል። ከተማው በዚህ ጨዋነቱ ይወደው ነበር። እኔ ግን ጨዋነት ሁልጊዜ የደግነት ምልክት ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የሚመጣ ፍርሃት።

በዚያ ዓመት ከታዘዙት ዝማሬዎች መካከል አንዱ አዲስ ነበር። የደረሰው አንድ ወጣት ሲሆን፣ ዝማሬው ማለዳ በወንዝ ላይ ስለሚተኛ ጭጋግ ይናገራል። በመካከሉ ምት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ዘማሪ አንዲት አጭር ሐረግ ይሰጠዋል፤ ያችን ሐረግ በራሱ ትንፋሽ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ማንንም ሳይጠብቅና ማንንም ሳይከተል ይደጋግማታል። ሁሉም እንዲህ ለየብቻው ሲሄድ ድምፆቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበሩ መነሻና መድረሻ የሌለው ነገር ይሆናሉ። መዘምራኑ ያን ክፍል «ጭጋጉ» ብለው ጠሩት።

ጭጋጉን ግን መሥራት አቃታቸው። ሲጀምሩ ጥሩ ይጀምራሉ፤ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ጥቂት ትንፋሽ እንደ ሄዱ ግን አንዱ ዘግየት ይላል፣ ሌላው ፈጠን ይላል፤ ሳያስቡት አንድ ላይ ተሰብስበው፣ በአንድ እግር እንደሚራመድ ጦር፣ ያችን ሐረግ እኩል ሲሏት ይገኛሉ።

«እባካችሁ ጎረቤታችሁን አትስሙ!» ይላቸዋል አግሪስ።

«አንተ ልጅ» ይመልሳል ከወንዶቹ ረድፍ ንብ አርቢው ቪስቫልዲስ፣ «እናቴ 'ጎረቤትህን ስማ፣ ጎረቤትህን ስማ' እያለች ነው የሞተችው። አሁን አትስማ ስትለኝ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች።»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው አቶ ቪስቫልዲስ።»

«እሷ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን አትምርም!»

ይስቃሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገናም ይሰባሰባሉ። ይህ ስንፍና አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ከእንቅልፍ ልባቸው ቀስቅሰህ ብታዘምራቸው እንኳ እኩል ይጀምራሉ። ባለፈው ሥርዓት፣ ብቻውን የተናገረ ሰው በሚታሰርበት ዘመን፣ አብረው ዘምረው የልባቸውን የተናገሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ለእነርሱ መለያየት ክህደት ነው። ነገር ግን በአንድ ዘመን ምግባር የነበረ ነገር በሌላ ዘመን ልማድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ደግሞ ምግባር አይደለም። ይህን ቆየት ብለው ራሳቸው አስመስክረዋል።

አንድ ረቡዕ ራስማ ጥርሷን ለማስነቀል ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ከልምምዱ ቀረች። በዚያ ምሽት ጭጋጉ ሠመረ። ማንም ማንንም ሳይከተል ክፍሉ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ መዘምራኑም ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። አግሪስ ምሥጢሩን ወዲያው አወቀ። የሚሰባሰቡት በራስማ ድምፅ ዙሪያ ነበር። ያ ወፍራም፣ የማይናወጥ ድምፅ በመካከላቸው ሲቆም፣ ከብቱ ወደ ውኃው እንደሚወርድ ሁሉም ሳያውቁት ወደ እርሱ ያዘነብላሉ።

አንድ መሪ እዚህ ላይ ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው። ሴትዮዋን ጠርቶ፣ «ስህተትሽ ይህ ነው፤ ሌሎቹም የሚሳሳቱት እንዲህ ነው፤ እናርመው» ይላታል። አግሪስ ይህን አላደረገም። የማጣሪያው ቀን ቀርቧል። ሴትዮዋ ቁጡ ናት፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። እንዳትመጣ ቢላት ቁጥር ይጎድላል። ስለዚህ ቆማ እንድትታይ፣ ነገር ግን እንዳትሰማ ወሰነ። ይህንንም ራሱ ሊነግራት አልደፈረም። በምሥጢር ከግማሹ ቡድን ጋር ከተማከረ በኋላ ኢልጋን ላከባት። ኢልጋ የመዘምራኑ ተጠሪ፣ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ከራስማ ጎን ዕድሜ ልኳን የቆመች ወዳጇ ናት።

ኢልጋ ስትደርስ ራስማ በጓሮዋ እንጨት ትፈልጥ ነበር። በረዶው ቀልጦ ጓሮው ጭቃ ሆኗል። ኢልጋ በጨርቅ የተጠቀለለ አይብ ይዛለች።

«ራስማዬ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«አይብ ይዘሽ ከመጣሽ የምቆጣበት ነገር አለ ማለት ነው። ተናገሪ።»

«አግሪስ ነው የላከኝ። ለማጣሪያው ነው… ማለቴ ጭጋጉ ላይ ብቻ ነው።»

«ጭጋጉ ምን ሆነ?»

«አንቺ የሌለሽ ቀን ሠመረ። እስከ መጨረሻው።»

ራስማ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክታ ተወችው። «ጥሩ ነዋ። እና?»

«እና… ቆመሽ ከንፈርሽን ብቻ ብታንቀሳቅሺ አለ። ድምፅ ሳታወጪ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም እኮ!»

«እንደ ዓሣ?»

«ኧረ ራስማ…»

«እንደ ዓሣ ነው ያልሽኝ?»

«ማንም አያውቅም እኮ!»

«እኔስ? እኔ ማንም ነኝ?»

ኢልጋ አይቡን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ለምን ቤትሽ ቅሪ አላለኝም?» ራስማ ጠየቀች።

«ቁጥራችን ይጎድላላ! አንድ ሰው ከጎደለ በር ላይ ነው የሚመልሱን።»

«አሃ። ሥጋዬ ያስፈልጋል፣ ድምፄ አያስፈልግም። እንደሱ ከሆነማ ያውልሽ ግንድ፤ ሻሽ እሰሩለትና አቁሙት። ጥርሱም አያመውም።»

«አንቺ ደግሞ! ለሁላችን ብለሽ ነው።»

«ራሱ ለምን አልነገረኝም?»

«ስለሚያከብርሽ። ዓይንሽን አይቶ ይኼን ማለት ከበደው።»

«አንቺን አልከበደሽም?»

ኢልጋ አይቡን ግንዱ ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች።

«አይብሽን ይዘሽ ሂጂ» አለች ራስማ፤ መጥረቢያዋንም ነቀለች።

«ስለሚያከብርሽ» የሚለውን ቃል ያለ ቁጣ ማለፍ አልችልም። እኛ ዘንድ አዛውንትን ማክበር ማለት ወንበር መልቀቅ፣ በልደቷ ቀን አበባ መውሰድ፣ ስትናገር አለማቋረጥ ሆኗል። ይህ ሁሉ ምንም አያስከፍልም። ሰውን ማክበር ማለት እውነቱን ሊሸከም ይችላል ብሎ ማመን ነው። እውነቱን የደበቅኸው ሰው በልብህ ከሰው ተራ ያወጣኸው ሰው ነው፤ ካፖርቱን ብትቀበለውም ባትቀበለውም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ራስማ ማንም ካሰበው ቀደም ብላ መጣች። ሁሉም ስፍራ ስፍራቸውን እስኪይዙ ጠበቀችና ቆመች።

«አግሪስ፣ የላክህብኝን መልእክት እዚህ ንገረኝ።»

የልጁ ፊት ቀላ። «ወይዘሮ ራስማ፣ ከልምምዱ በኋላ ለብቻችን ብንነጋገር…»

«አሁን። ሁሉም ያውቀዋል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«እኔ… ለቡድኑ ስል ነው። ድምፅዎ በጣም ጠንካራ ነው፤ ሌሎቹን ይስባቸዋል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ብቻ ከንፈርዎን…»

«ይበቃል። ሰማሁ።» ወደ መዘምራኑ ዞረች። «ማን ነው በዚህ የተስማማው?»

አንዷ ኖታዋን ማገላበጥ ጀመረች። ሌላዋ የጫማዋን ማሰሪያ ታየዋለች። አንዱ ያስላል፤ አንዱ መነጽሩን ይወለውላል። ኢልጋ መስኮቱን ትመለከታለች። በዝማሬ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል መለያየት ያቃታቸው እነዚያ ሰዎች፣ አንዲት ጓደኛቸው አብረዋት እንዲቆሙ በፈለገቻቸው ጊዜ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅና ሳይከተል ተበተኑ። በዚያ ምሽት ጭጋጉ ያለ አንድ ስህተት ተሠራ።

ዝምታውን የሰበረው ቪስቫልዲስ ነው። «ራስማ፣ እኔ እኮ ወደዚህ ኳየር ከገባሁ ጀምሮ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ማን ነቃብኝ?»

ሁሉም ከጭንቀት ያወጣቸው ነገር በማግኘታቸው ከልክ በላይ ሳቁ።

«አንተ ብትዘምርም የሚሰማህ የለም» አለችው ራስማ። ሳቁም ቆመ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ። እመጣለሁ። በቦታዬ እቆማለሁ። ጭጋጉ ላይ ድምፅ አላወጣም» አለችና ተቀመጠች።

በክፍሉ ውስጥ ትልቅ እፎይታ ሆነ። አግሪስ፣ «ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ታላቅ ሰው ነዎት» አላት። የሰውን ትንፋሽ ለይተን እንሰማለን የሚሉ እነዚያ ሁሉ ጆሮዎች ስለ ከንፈሯ አንዲት ቃል እንዳልተናገረች አላስተዋሉም።

የማጣሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። አውቶቡሱ ከጠዋት ጀምሮ በዘፈን ተሞልቶ ሄደ፤ በአሳማ ሥጋና በሽንኩርት የተሞላው ትንንሽ ዳቦም ከወንበር ወንበር ዞረ። ራስማ በልታለች፤ ዘፈኑንም ዘፍናለች። የወረዳው የባህል ቤት ከየአቅጣጫው በመጡ መዘምራን ተጨናንቆ ነበር። ተራቸው ደርሶ መድረኩ ላይ ሲወጡ ከፊታቸው ሦስት ዳኞች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። መካከል ያለችው ሰብሳቢ ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ነበረች።

የመጀመሪያው ዝማሬ የቆየና የታወቀ ነበር። መዘምራኑ በሚገባ ዘመሩት፤ የራስማም ድምፅ ከሥር እንደ ወለል ተዘረጋ። ቀጥሎ አዲሱ ተጀመረ። ጭጋጉ ጋር ሲደርሱ አግሪስ እጆቹን በሰፊው ከፈተ፤ ሁሉም በየትንፋሹ ተበተነ። ራስማ ግን አፏን ዘጋች። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ዳኞቹን ትመለከት ጀመር። ከሚንቀሳቀሱት አፎች ሁሉ መካከል አንድ የተዘጋ አፍ፣ በተከፈቱ መስኮቶች መካከል እንደ ተቸነከረ መስኮት ጎልቶ ይታይ ነበር።

ጭጋጉ ውብ እንደ ነበር መናገር አለብኝ። እውነት ነውና። ድምፆቹ እየተነሡና እየጠፉ አዳራሹን ሞሉት፤ ከኋላ ወረፋ የሚጠብቁት መዘምራን እንኳ ወሬያቸውን አቆሙ። ያለ ራስማ ውብ ነበር፤ ራስማም ይህን ከማንም በላይ ትሰማ ነበር። ቁጣዋ እንዲበርድ ለሚፈልጉ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦ የበደልን ክብደት የሚቀንሰው የውጤቱ ውበት አይደለም። የተሰረቀ ዳቦም ይጣፍጣል።

ዝማሬው አለቀ። ሰብሳቢዋ አግሪስን አላየችውም።

«በሁለተኛው ረድፍ ያሉት እመቤት ለምን አልዘመሩም?»

ጭጋጉን ዓይኑን ጨፍኖ የመራው አግሪስ ፊቱን አዞረና ያን ጊዜ ገና የራስማን ከንፈር አየ። «እሳቸው… ጉንፋን ይዟቸዋል። ድምፃቸው ተዘግቶ ነው።»

«ድምፄ ደህና ነው» አለች ራስማ። ቃሉ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ደረሰ። «ዝም በይ ተብዬ ነው። የምዘምር መስዬ እንድታይም ፈልገው ነበር፤ እሱን ነው እንቢ ያልኩት።»

በአዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ሰብሳቢዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ዝም እንዲሉ ለምን ተፈለገ?»

አግሪስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የመለሰችው ኢልጋ ናት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥታ፣ «እኛ እሷን ተከትለን ስለምንሄድ ነው። ጭጋጉ ይፈርስብናል። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ የኛም ነው» አለች። ኢልጋ ይህን መናገር የነበረባት በጓሮው ጭቃ ውስጥ ሳለች ነው። ዘግይታለች፤ ቢሆንም ተናግራለች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልሰጣትም።

«እንግዲያው ሁላችሁም ዘምሩት» አለች ሰብሳቢዋ።

ዘመሩት። ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ወትሮው ተሰባስበው በአንድ እግር መራመድ ጀመሩ። ሰብሳቢዋ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«ይህ ጭጋግ አይደለም፤ የወታደር ሰልፍ ነው። ዝማሬውን አታውቁትም። ቅድም የሰማሁት ደግሞ የአንድ ሰው አፍ ተዘግቶ የተገኘ ነው፤ እሱን አልመዝንም። በወሩ መጨረሻ ድጋሚ ማጣሪያ አለ። ሁላችሁም የምትዘምሩ ከሆነ ኑ። ካልሆነ ቤታችሁ ቅሩ።» ቀጥላም ወደ አግሪስ ዞረች። «አንተን ያስተማሩህ ሰዎች ይህን አላስተማሩህም።»

በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ የዘፈነ የለም። ከራስማ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ ልጆቿ ለበዓሉ ብለው ከጀርመን የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጡላት፣ መታገሥ ስላቃታት ተነሥታ ዞረች።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

«ታዲያ ምን አገኘሽ? ሁላችንንም አዋረድሽን እኮ! በሰው ፊት!»

«እናንተስ እኔን የት ነበር ያዋረዳችሁኝ? ጓዳ?»

«ካልፈለግሽ ያን ጊዜውኑ አልፈልግም ማለት ነበረብሽ!»

ራስማ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሴትዮዋ በዚህ ረገድ እውነት አላት። ራስማ በዚያ ረቡዕ፣ «ከንፈሬን አላንቀሳቅስም» ብላ በግልጽ ልትናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። እስከ መድረኩ ድረስ አጅባቸው ሄደች፤ በዚህም ውስጥ በቀል ነበረበት። ራስማ ጻድቅ ናት ብዬ አልጻፍኩም። ከሌሎቹ ያነሰ ዋሽታለች፤ ያን ያህል ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሁሉም መጡ፤ ራስማ ግን ትመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እርሷ ገብታ ስፍራዋ ላይ ስትቀመጥ ወሬው ቆመ። አግሪስ ማንንም ሳያይ ኖታዎቹን አስተካከለ።

«ዛሬ በቆየው ዝማሬ እንጀምር» አለ።

«በጭጋጉ» አለች ራስማ።

«ወይዘሮ ራስማ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ሁላችንም ደክሞናል…»

«ለምን አላረምከኝም?»

«ምን አሉኝ?»

«ጥፋቴን ካወቅኸው ለምን አላረምከኝም? ካንተ በፊት የነበረው ሰውዬ እንደ ውሻ ይጮህብኝ ነበር። አንድ ጊዜ የኖታ ጥራዝ ወርውሮብኛል፤ ጆሮዬን ስቶኝ ነው ያለፈው። አልወደውም ነበር፤ ሲሞትም አላለቀስኩለትም። ግን ስሳሳት ተሳሳትሽ ይለኝ ነበር! አንተ ካፖርቴን ትይዛለህ፣ ስሳሳት ፈገግ ትላለህ፣ ከዚያ ሄደህ ከጀርባዬ ትማከርብኛለህ። እኔ ምን ሆኜ ነው የማልታረመው? ሞቻለሁ?»

«ኧረ አልሞትሽም» አለ ቪስቫልዲስ ከኋላ፤ «ይኸው እየሰማንሽ አይደል!»

የሳቀለት አልነበረም። አግሪስ እጁ ላይ ያለውን እርሳስ ሊሰብረው ምንም አልቀረውም።

«መማር የሚችሉ አልመሰለኝም!» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ። «ይኸው። በዚህ ዕድሜ ልማድዎን የሚለውጡ አልመሰለኝም። ደግሞ ፈራሁዎት። ሁሉም ይፈራዎታል!»

ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ኢልጋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ራስማ ጉንጯ ቀልቶ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ታየች፤ ብዙዎች ተነሥታ የምትሄድ መሰላቸው።

«ወጣልህ» አለች። «በል አሁን አስተምረኝ።»

አግሪስ ኖታውን ዘግቶ ወደ እርሷ ቀረበ። «ተነሺ። ኢልጋም ተነሺ። ሁለታችሁ ብቻ። ራስማ፣ ትንፋሽሽ ሲያልቅ ብቻ ነው ሐረጉን የምትጀምሪው፤ እሷ ስትጀምር አይደለም። ጀምሩ።»

ጀመሩ። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ሁለቱ ድምፆች ተገናኙ።

«ስህተት። ኢልጋን እየሰማሽ ነው።»

«እሷ ናት የምትከተለኝ!»

«አንቺም እየጠበቅሻት ነው። ሰማሁሽ። ቆሞ የሚጠብቅ ድምፅ ነው ያለሽ፤ ሌላው ሁሉ የሚጠጋሽ ለዚህ ነው። አትጠብቂ። እንደገና።»

እንደገና ሞከሩ፤ እንደገናም ተገናኙ።

«ስህተት።»

«አውቃለሁ ስህተት መሆኑን! ጆሮ የለኝም?»

«ካወቅሽ ለምን ትደጋግሚዋለሽ? እንደገና።»

ራስማ አንዲት የቆየች የእሳት አንዳጆች ስድብ ከጥርሷ መካከል አወጣች፤ እዚህ ልጽፋት አልፈልግም። ቪስቫልዲስ ሊናገር አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። ዘመሩ። በዚህኛው ጊዜ ኢልጋ ልትከተላት ስትዘገይ ራስማ ትታት አለፈች፤ ሁለቱ ድምፆች ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ለየብቻቸው ሄዱ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ተገናኙ።

«ትንሽ ይሻላል» አለ አግሪስ።

«ትንሽ?»

«ትንሽ። ገና ብዙ ይቀርሻል። እንደገና።»

ራስማ በንዴት ትንፋሿን ሳበች።